የጋራ ኮርኒስ

መዳፏን በግድ ስፈለቅቀው አራት ፍሬ ስንዴ አገኘሁ። ስንዴው ሰማያዊ ነው።

ልጄ ያኔ ሁለት ዓመት ሊሞላት ጥቂት ወር ቀርቷት ነበር። ቡና ልቆላ ጎንበስ ባልኩበት ከአልጋው ሥር ገብታ፣ ከሦስት ቀን በፊት እኔው በገዛ እጄ በቆርቆሮ ክዳን አድርጌ ግድግዳው ጥግ ያስቀመጥኩትን የአይጥ መርዝ አግኝታዋለች። አፏን ከፍቼ በጣቴ ጠረግኩት። ምላሷን አየሁ፣ ድዷን አየሁ፣ ሰማያዊ ነገር የለም። ክዳኑ ላይ የቀረውን ልቆጥር ሞከርኩ፤ ግን ሳስቀምጠው ስንት ፍሬ እንደነበር ማን ቆጠረው? አይጦቹም በልተውለታል። አራቱን ፍሬ በወረቀት ጠቅልዬ፣ ልጄን ታቅፌ፣ ባጃጅ ውስጥ ገባሁ።

ሐኪሙ መጀመሪያ የጠየቀኝ «ምን ዓይነት መርዝ ነው? ማሸጊያውን ይዘሽዋል?» ብሎ ነው። ማሸጊያ የሚባል ነገር አልነበረውም። ከገበያ የገዛሁት አንድ ፊደል ያልተጻፈበት፣ አፉ በሻማ የታሸገ ስስ ፌስታል ነው። ያን ቀን ነው ልዩነቱን የተማርኩት። አንዳንዱ የአይጥ መርዝ የቫይታሚን ኬን ሥራ አግዶ ደም እንዳይረጋ ያደርጋል፤ ምልክቱ የሚታየው ከቀናት በኋላ ስለሆነ ዛሬ ደህና የመሰለ ልጅ ከነገ ወዲያ ሊደማ ይችላል፤ ግን በጊዜ ከተደረሰበት ቫይታሚን ኬ መድኃኒቱ ነው። ሌላው ዚንክ ፎስፋይድ የሚባለው ደግሞ ጨጓራ ውስጥ ሲገባ ከአሲዱ ጋር ተዋሕዶ ጋዝ ይሆናል። እሱ ፈጣን ነው፤ ማርከሻም የለውም። ሐኪሙ የትኛው እንደሆነ ማወቅ ፈልጎ ነበር፤ እኔ የማውቀው ቀለሙን ብቻ ነው።

እስከ ማታ አቆይተው ተከታተሏት። ከሁለት ቀን በኋላ ደሟ የሚረጋበትን ጊዜ አስመረመርን። ደህና ነበረች፤ አልዋጠችውም። ፈጣሪ ይመስገን።

ቤት ተከራይታችሁ፣ ሌሊት ኮርኒሱ ላይ ሩጫ የምትሰሙ፣ ነገ ከሥራ ስትመለሱ ያን ፌስታል ልትገዙ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው።

የምኖረው ባሕር ዳር ሽምብጥ ነው፤ አንድ ግቢ ውስጥ ከተደረደሩ አምስት ሰርቪስ ቤቶች በአንዱ። ቤቶቹ የእንጨትና የጭቃ ናቸው፤ ከውስጥም ከውጭም በሲሚንቶ ተለስነዋል። ጣሪያቸው ቆርቆሮ ነው። ኮርኒሱ ማዳበሪያ ተሰፍቶ፣ ተወጥሮ፣ ኖራ የተቀባ ነው። ከታች ሆኖ ለሚያየው አምስት በር፣ አምስት ቁልፍ፣ አምስት ቤተሰብ ነው። የሚለየን ግድግዳ ግን ኮርኒሱ ጋ ሲደርስ ያበቃል፤ ቆርቆሮው ድረስ አይዘልቅም። ከማዳበሪያው በላይ ያለው ከመጀመሪያው ቤት እስከ አምስተኛው አንድ ረጅም ክፍል ነው። ይህን ሦስት ዓመት ስኖርበት አላውቅም ነበር።

ነገሩ የጀመረው ክረምቱ ሲወጣ ነው፤ ወይም እኔ የሰማሁት ያኔ ነው። የባሕር ዳርን ክረምት ታውቁታላችሁ፤ ሐምሌና ነሐሴ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድበት እንኳን የአይጥ ኮቴ አጠገባችሁ የተቀመጠ ሰው ንግግርም አይሰማም። መስከረም ሲጋመስ፣ ጣና ሞልቶ እስከ ዳሩ በመጣበት ሰሞን፣ ዝናቡ ጋብ አለና ሌሊቱ ጸጥ አለ። መጀመሪያ ጠጠር የተንከባለለ መሰለኝ። ቀጥሎ ከጥግ እስከ ጥግ ሩጫ። ከዚያ ልክ ከራስጌዬ በላይ፣ ቀስ እያለ፣ ሳይታክት የሚፈገፍግ የጥርስ ድምፅ። የአይጥ የፊት ጥርስ ዕድሜዋን ሙሉ ማደጉን ስለማያቆም ካልፋቀችው አፏን ይዘጋዋል፤ ስለዚህ ርቧትም ጠግባም ትቆረጥማለች። እንጨት፣ ፕላስቲክ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ፣ ያገኘችውን።

ጠዋት መሶቡ አጠገብ ጥቁር አዝሙድ የፈሰሰ መሰለኝ። ቤቴ ውስጥ ጥቁር አዝሙድ አልነበረም።

ኩሱ ራሱ ብዙ ይናገራል። እንደ ጥቁር አዝሙድ ወይም እንደ ሩዝ ፍሬ ደቃቅ፣ ጫፉ ሹል ከሆነ ትንሿ የቤት አይጥ ናት። ከአንድ ሳንቲ ሜትር የሚበልጥ ከሆነ አይጠ መጎጥ ነው፤ እሱ ሌላ ጠባይ፣ ሌላ ዘዴ አለው። ትንሿ አይጥ በቀን የምትበላው ሦስት ግራም ገደማ ብቻ ነው፤ የምትጥለው ግን ሃምሳ ፍሬ ወይም ከዚያ በላይ። እህላችንን በልታ አትጨርሰውም፤ የምታበላሸው ከምትበላው እጅግ ይበዛል። የምታረግዘው ሦስት ሳምንት ነው፤ በአንዴ አምስት ስድስት ትወልዳለች፤ የተወለዱት በስድስት ሳምንታቸው ለመውለድ ይደርሳሉ። ነሐሴ ላይ ከዝናቡ ሸሽታ አንዲት እርጉዝ ከገባች ጥቅምት መጨረሻ ላይ ስንት እንደሚሆኑ ቁጭ ብላችሁ አስሉት። እኔ ያሰላሁት ዘግይቼ ነው።

ጥፋቴን እዚህ ላይ መናገር አለብኝ።

ከእኔ ቀጥሎ ያለው ቤት የእታለም ነው። ስሟ ሌላ ነው፤ ግቢው በሙሉ ግን እታለም ነው የሚላት። ጠላ ጠምቃ ነው ሁለት ልጆቿን የምታስተምረው። ቤቷ ብቅል አለ፣ ጌሾ አለ፣ ደጇ ላይ የአተላ ባልዲ አለ። አይጥ የሰማሁ ሰሞን ዓይኔ ወዲያው የሄደው ወደዚያ ባልዲ ነው። አልጠየቅኋትም። ቤቷ ገብቼ አላየሁም። ኪራይ ልከፍል ወደ ቤቱ ባለቤት ስሄድ «እማማ፣ ይህ ብቅልና አተላ እኮ ነው አይጡን የሚጠራው» አልኳቸው። እሳቸውም ከዚህ በፊት ጠርጥረው ኖሮ «እኔም ብዬ ነበር ልጄ። እንግዲህ ለጥር ሌላ ቤት ትፈልግ» አሉ። ዝም አልኩ። እታለም በዚያ ቤት ዘጠኝ ዓመት ኖራለች። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይባላል፤ ዳዋው ላይ ዱላውን ያቀበልኩት እኔ ነኝ።

ከዚያ መርዙን ገዛሁ። የሠራ መስሎኝ ነበር፤ በሁለተኛው ሌሊት ድምፁ ቀነሰ። በአምስተኛው ቀን ግን ቤቱ መሽተት ጀመረ። መርዝ የበላች አይጥ አብዛኛውን ጊዜ ወጥታ ደጅ አትሞትም፤ ጎጆዋ ገብታ ነው የምትሞተው፣ ግድግዳ ውስጥ ወይም ኮርኒስ ላይ፣ እጅ በማይደርስበት። ደክማ ደጅ የወጣችውን ደግሞ ድመት ትበላታለች፣ ጉጉት ይበላታል፤ መርዙ አብሮ ይሄዳል። ጉጉት ሲጮህ ሟርት ነው እያልን እናባርረዋለን እንጂ በየሌሊቱ አይጥ የሚለቅምልን እሱ ነው። ልጄን ሐኪም ቤት የወሰድኳት ያ ሽታ በጀመረ ማግስት ነው። ሁለተኛ ክዳን ጨምሬ ነበርና።

ማታ ስመለስ እታለም በሬ ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች። ልጄን ተቀብላ አቀፈቻት፤ ጥቂት ጊዜ አፏን አሸተተች። ከዚያ «በይ መርዙን ልቀሚ፤ አንድ ፍሬ እንዳይቀር። ነገ መሰላል ተውሼ አመጣለሁ፤ ከላይ ወጥተን እንየው» አለችኝ። ስለ እሷ ምን እንዳልኩ አታውቅም ነበር።

በማግስቱ በመሰላሉ የወጣሁት እኔ ነኝ። የኮርኒሱን ጥግ ፈትቼ በስልኬ መብራት አበራሁ። መጀመሪያ ያየሁት እስከ አምስተኛው ቤት ወለል ብሎ የሚታየውን ርዝመት ነው። ቀጥሎ ልክ ከአልጋዬ በላይ፣ ወራጁና ግድግዳው በሚገናኙበት፣ ሁለት ጭብጥ የሚያህል ክምር። ስቤ አወረድኩት። እጄ ላይ በተንኩት። ነጭ ክር አለበት፤ እናቴ የሰጠችኝ ጋቢ ጫፉ የተበላው ለካ ለዚህ ነው። የተተረተረ የማዳበሪያ ጭረት አለበት፤ ማዳበሪያው የሩዝ ማስቀመጫዬ ነው። የቀረው በሙሉ የሩዝ ገለባ ነው።

እናቴ ፎገራ ነው የምትኖረው። በየዓመቱ ኤክስ ጅግና የሚባለውን ሩዝ ሳታስፈትግ ትልክልኛለች፤ ሳይፈተግ ነው ብዙ የሚቆየው። እኔ በጥቂት በጥቂቱ አስፈትጌ አስፈጨውና ከጤፍ ጋር ቀላቅዬ እንጀራ እጋግርበታለሁ። ማዳበሪያው ዓመቱን ሙሉ በአልጋዬ ግርጌ፣ አፉ በገመድ ታስሮ፣ ወለል ላይ ተቀምጧል። ከግድግዳው በኩል ሳገላብጠው ከታች በኩል ጣት የምታስገባ ቀዳዳ ነበረችበት። ጎጆው ውስጥ አንዲት የብቅል ፍሬ ፈለግሁ። ባገኝ ደስ የሚለኝ ነበር፤ አላገኘሁም። ለማረጋገጥ እታለም ቤት ገባሁ፤ ብቅሉ በበርሜል ነው፣ በርሜሉ የብረት ክዳን አለው፣ ክዳኑ ላይ ወፍጮ መጅ ተጭኖበታል። አተላውን ማታ ማታ የሚወስዱት ከብት አርቢዎች ናቸው፤ ባልዲው ታጥቦ ተደፍቶ ነው የሚያድረው። የግቢውን አይጥ ሲመግብ የኖረው የእኔ ሩዝ ነው።

ያን ቀን ሁሉንም ነገርኳት፤ ለእማማ ያልኩትንም። ለረጅም ጊዜ አልተናገረችም። መጨረሻ ላይ «ብትጠይቂኝ አሳይሽ ነበር» አለች፤ ሌላ ምንም አላለችም። ከእሷ ጋር ሆነን እማማ ዘንድ ሄድን፤ የጎጆውን ፍርስራሽ በሳህን ይዤ። እማማ ገለባውን በጣታቸው እየለዩ ተመለከቱት፤ «ለጥር ሌላ ቤት ትፈልግ» ያሉትን ነገር ከዚያ ወዲህ አላነሱትም።

ተከራይ የሆናችሁ አንድ ንግግር ታውቃላችሁ፤ «የሰው ቤት አልጠግንም።» እኔም ስለው ኖሬያለሁ። ሲሚንቶ ገዝቼ ግድግዳ ብደፍን፣ ነገ ኪራይ ጨምሪ ወይም ውጪ ብባል፣ ሲሚንቶውን ነቅዬ አልሄድም። ፍርሃቱ እውነት ነው፤ በዚህ ከተማ በየዓመቱ ዕቃውን በጋሪ ጭኖ የሚንከራተተውን ሰው እናውቀዋለን። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውል በጽሑፍ እንዲሆንና ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ይላል። ከእሱ በፊት የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቤቱን በደህና ይዞታ ማቆየት የአከራዩ ግዴታ እንደሆነ፣ ጥቃቅኑ እድሳት ደግሞ የተከራዩ እንደሆነ ለይቶ አስቀምጧል። ጥሩ ነው። አይጧ ግን ውሉ እስኪጻፍ አትጠብቅም፤ ልጄም ከዚያ ወለል ላይ ነው የምትጫወተው። እማማን ያልኳቸው ይህንኑ ነው፤ «ዕቃውን እርስዎ፣ ጉልበቱን እኛ።» ተስማሙ። ከማዕድ ቤታቸው ጣሪያ የተረፈ ላሜራ፣ አሸዋና ግማሽ ከረጢት ሲሚንቶ ሰጡን።

ሥራውን የጀመርነው ኅዳር 12 ነው። ኅዳር ሲታጠን ሁሉም ቤቱን ይጠርጋል፣ ጥራጊውን ደጅ አውጥቶ ያጨሳል፤ በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ያን ሁሉ ሰው ከፈጀ ወዲህ የቆየ ልማድ ነው። ሌላ ጊዜ የየራሳችንን ደጅ ነበር የምንጠርገው። ዘንድሮ አምስታችንም ከሚካኤል መልስ ተሰብስበን ከቤቶቹ ጀርባ ያለውን፣ የማንም ያልሆነውን ቦታ ጀመርን። የተከመረ የማገዶ እንጨት፣ አሮጌ ፍራሽ፣ የተሰበረ ባልዲ፣ ዓመታት የከረመ ካርቶን። ፍራሹ ውስጥ ዓይናቸው ያልተገለጠ ስድስት ልጆች ነበሩ፣ ቆዳቸው ሮዝ፣ የአውራ ጣት አንድ አንጓ የሚያህሉ። እታለም በአካፋ አንስታ ወሰደቻቸው። እኔ ዓይኔን አዞርኩ። አስፈላጊ ነበር፤ ቀላል ግን አልነበረም።

ከዚያ ቀዳዳ ፍለጋ። ለትንሿ አይጥ የእርሳስ ውፍረት ያላት ቀዳዳ ትበቃታለች፤ ስድስት ሚሊ ሜትር ገደማ። ጭንቅላቷ ካለፈ ሌላው ገላዋ ያልፋል። ስለዚህ የእታለም ትልቁ ልጅ እርሳሱን ይዞ አምስቱንም ቤት ዞረ፤ እርሳሱ የገባበትን ሁሉ በከሰል አከበበው። ሃያ ሦስት ክብ ሆነ። መብራት የሚያስገባው ሽቦ ግድግዳውን የሚበሳበት፣ መስኮቱ ከልስኑ ጋር የተለያየበት፣ ቆርቆሮውና ግድግዳው የሚገናኙበት ጥርስ ጥርሱ፣ ከሁሉ የከፋው ደግሞ የአምስታችንም በር ሥር። ጭቃ ብቻ መምረግ ዋጋ የለውም፤ በአንድ ሌሊት ትፍቀዋለች። ድስት የምንፈገፍግበትን ሽቦ ቀዳዳው ውስጥ ጠቅጥቀን በላዩ ሲሚንቶ ለጠፍንበት፤ ሽቦውን ጥርሷ አይወድም። ለበሮቹ ላሜራውን በስስ ቆርጦ ከታች የመታልን ጎረቤት ብረት በያጅ ነው።

የሩዙ ማዳበሪያ ቀረ። አሁን ሩዙም ጤፉም ሽሮውም ክዳኑ በሚጠብቅ በርሜልና በዘይት ጀሪካን ውስጥ ነው። ይህ አንዱ ብቻ ቢደረግ እንኳ ከመርዙ ይበልጣል ብዬ አምናለሁ።

የተበላሸውን ስናጸዳ በደረቁ አልጠረግንም። የአይጥ ኩስና ሽንት ሲደርቅ ከአቧራው ጋር ይነሳል፤ በሽታው በትንፋሽ የሚገባው እንዲህ ነው። በረኪናን አንድ እጅ በዘጠኝ እጅ ውኃ በጥብጠን፣ አርከፍክፈን፣ አሥር ደቂቃ ያህል ትተን፣ በጓንት በጨርቅ ጠረግነው። መስኮቱንና በሩን አስቀድሞ መክፈት ነው።

ውስጥ የቀሩትን በወጥመድ ያዝን፤ በዚያችው በእንጨት በተሠራችው ባለ ስፕሪንግ። ሙጫውን አልፈለግሁም፤ ተጣብቃ እስክትሞት ስትጮህ ማደር ለእሷም ለሰውም ስቃይ ነው። በርበሬ ነስንሱ ያሉን ነበሩ፣ ነስንሰን ራሳችን አነጠሰን እንጂ ሌላ ነገር አላየሁም። ወጥመድ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው አንድ ብቻ ገዝቶ ክፍሉ መሀል ሲያስቀምጥ ነው። አይጥ ግድግዳ ታክካ ነው የምትሄደው፤ ስለዚህ ወጥመዱ ከግድግዳው ጋር መስቀልኛ ሆኖ፣ ማባበያው ያለበት ጫፍ ግድግዳውን ነክቶ ይቀመጣል። ከጎጆዋም ጥቂት ሜትር ብቻ ስለምትርቅ በየሁለት ሜትሩ መደርደር ነው። ማባበያው የተወቀጠ ለውዝ፣ ከሽምብራ ፍሬ ያነሰ፤ ከበዛ ወጥመዱን ሳታስፈነጥር ልሳ ትሄዳለች። ከአይጠ መጎጥ በተለየ ትንሿ አይጥ አዲስ ነገር አትፈራም፣ ትቀርባለች። ለዚህ ነው መጀመሪያው ሌሊት ወሳኝ የሚሆነው። አሥራ ሁለት ወጥመድ በአምስቱ ቤትና ኮርኒሱ ላይ አደረግን፤ ልጆች በማይደርሱበት። በመጀመሪያው ሌሊት ሰባት፣ በሁለተኛው አራት፣ በሦስተኛው አንድ። ከዚያ ሳምንቱን ሙሉ ባዶ።

እንዳለቁ እንዴት ይታወቃል? ዘዴውን ያመጣችው እታለም ናት። ከኮርኒሱ በላይ፣ ሩጫው በነበረበት ወራጅ አጠገብ፣ ስስ ጣውላ አስቀምጠን በወንፊት ዱቄት ነሰነስንበት። ካለፈች እግሯ ይቀራል። ቅዳሜ ቅዳሜ መሰላሉን እሷ ትይዛለች፣ እኔ እወጣለሁ፤ ልጄ ከሥር ሆና «አለ?» ትላለች።

ዛሬ ጠዋት አራተኛው ቅዳሜ ነበር። መብራቱን አበራሁ። ዱቄቱ እንደነሰነስነው ነው። «የለም» አልኳት፤ እታለምም መሰላሉን እንደያዘች ከታች «የሦስተኛውን ቤት በኩልም አብሪው፤ በደንብ እዪው» አለችኝ።